ድሮንታል ፕላስ የውሻ ክኒን፦ የልጆችን ዓይን ከወስፋት ለመጠበቅ ብቻውን ይበቃል?

ድሮንታል ፕላስ በውሻ አንጀት ውስጥ ያለውን ወስፋት በደንብ ያጸዳል። ቡችላና ሕፃን አብረው በሚያድጉበት ቤት ግን ቀድሞ መገዛት ያለበት የቡችላው ሽሮፕ (ድሮንታል ፓፒ) ነው።

የውሻ ወስፋት (ቶክሶካራ ካኒስ) ሰው ሆድ ውስጥ አያድግም። ልጅ አፈር በነካ እጁ እንቁላሉን ከዋጠ ግን እጩ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትንሽ ትል) አንጀት በስቶ በደም ይዞራል፤ አልፎ አልፎም ዓይን ውስጥ ገብቶ ሬቲናውን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ይጎዳል። ብሌኑ ይነጣል፣ ዓይኑ ይንሸዋረራል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ስለሚያጠቃ ልጁ ምንም ሳይናገር ይቆያል። ከዓይን ካንሰር ጋር እየተምታታም የስንቱ ልጅ ዓይን ወጥቷል፦ በ1950 እ.ኤ.አ. ሄለኖር ዊልደር የተባለች አሜሪካዊት 46 የወጡ ዓይኖችን መርምራ በ24ቱ የትል እጭ ወይም ቅሪቱን አግኝታለች።

አንዱ ክኒን ለ10 ኪሎ ውሻ ነው፦ 150 ሚሊግራም ፌባንቴል፣ 144 ሚሊግራም ፒራንቴል ኢምቦኔት፣ 50 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል። የመጨረሻው ለኮሶ እንጂ ለወስፋት አይደለም። ውሻውን ማስራብ አያስፈልግም፤ በሥጋ ጠቅልሎ ማጉረስ ይበቃል። ፒፐራዚን ካለበት መድኃኒት ጋር አብሮ አይሰጥም፤ ውሻዋ ካረገዘች ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

ከ3 ኪሎ በታች ለሆነ ቡችላ ክኒኑን ሸራርፎ መስጠት ስህተት ነው። ሽሮፑ በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ቡችላውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ በሲሪንጅ መስጠት ይቻላል። በ2 ሳምንቱ ተጀምሮ እስከ 12 ሳምንቱ በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንዴ ሰጥቶ ይተዋል። እጩ ከእናቱ ማህፀን ጀምሮ ቡችላው ውስጥ ገብቷል፤ መድኃኒቱ አንጀት ውስጥ የደረሰውን ሲገድል፣ በሳንባ በኩል የሚመጣው ገና መንገድ ላይ ነው። እናቲቱም አብራ መውሰድ አለባት።

መድኃኒቱ በተሰጠ ማግስት ነጣ ያለ፣ እንደ ፓስታ የተጠቀለለ ትል ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ አንዳንዱ ገና ይንቀሳቀሳል። የሴቷ ትል ሆድ እንቁላል ስለሞላው በፌስታል አንስቶ አስሮ መጣል ነው። ትኩስ እንቁላል ወዲያው አይተላለፍም፤ አፈር ላይ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ ማንሳት ከክኒኑ እኩል ይሠራል። በረኪና እንቁላሉን አይገድለውም፤ ሲሚንቶ ላይ የፈላ ውሃ ይሻላል።

በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ የልጁ አንድ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰድ፤ ቤት ውስጥ ቡችላ እንዳለም ይነገር።