የሞሮኮው ኦቶደስ ጥርስ፦ ጫፉ ድንቅ፣ ሥሩ ግን...

በኢንተርኔት ያዘዝኩት የጥንት ሻርክ ጥርስ ደረሰኝ። ኦቶደስ ኦብሊኩስ ይባላል። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ ዛሬ ዘሩ የጠፋ ሻርክ ነው። ጥርሱ የወጣው ሞሮኮ ውስጥ፣ ኹሪብጋ አካባቢ ካለው የፎስፌት ማዕድን ነው። የሻርክ አጽም ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተርፎ የሚገኘው ጥርሱ ብቻ ነው።

ጥርሱ በጣም ያምራል። ጫፉ አልተሸረፈም። ጠርዙን በጣቴ ስዳስሰው ልሙጥ ነው። ከግራና ከቀኝ ሁለት ትናንሽ ሾጣጣ ጥርሶች ወጥተውለታል፤ እኔ የወደድኩት እነሱን ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የዚሁ ዘር ነው የሚሉት ግዙፉ የጥንት ሻርክ ሜጋሎዶን ጋ ሲደርስ ትናንሾቹ ጠፍተው ጠርዙ እንደ መጋዝ ሆኗል። ይህን ለውጥ በእጅ ይዞ ማየት ደስ ይላል።

ቅር ያለኝ ሥሩ ነው። ሻጩ «ያልተጠገነ» ብሎ ነው የለጠፈው። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን አንዱ ጎን በሙጫና በአሸዋ የተሞላ ነው። ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፣ ጥቃቅን የአየር አረፋዎችም ይታዩበታል። መጠገኑ በራሱ ችግር የለውም፤ ሲቆፈር የሚሰበር ብዙ ነው። ግን ለገዢ መነገር አለበት! ስጽፍላቸው ይቅርታ ጠይቀው ከዋጋው ከፊሉን መለሱልኝ።

ልትገዙ ካሰባችሁ የሥሩን ፎቶ በሁለቱም በኩል፣ ቀረብ ተደርጎ የተነሳ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለጥርሱ 5 ኮከብ፣ ለሻጩ 3።