የፓይተን አይማፕሊብ በጣና ዳር ማረፊያ ሰርቨር ላይ፦ የአጠቃቀም ግምገማ

አይማፕሊብ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ያለ፣ የኢሜይል ሳጥንን በአይማፕ (ሰርቨር ላይ ያለ የኢሜይል ሳጥን በሚነበብበት ደንብ) በኩል የሚያነብ መሣሪያ ነው፤ ስለ እርሱ የምሰጠው አስተያየት ከአንድ ሥራ የተነሣ ነው። ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ለመኝታ ክፍሎቹም ሆነ ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ደብረ ማርያም ለሚወስዱት ጀልባዎቹ የሚደርሱትን የማስያዣ ኢሜይሎች፣ ሰርቨር ላይ ያለ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) በየጥቂት ደቂቃው እያነበበ ወደ መዝገብ እንዲያስገባለት ፈለገ። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞቹ ያንኑ ሳጥን በየስልካቸው ስለሚከፍቱት ስክሪፕቱ የሳጥኑ ብቸኛ አንባቢ አይደለም፤ ከላኪዎቹም ብዙዎቹ የሚጽፉት በአማርኛ ነው። በእኔ እምነት ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጥ መሣሪያ በሁለት ነገር ይመዘናል፤ አንደኛው ሳጥኑን ሳይነካካ ማንበብ መቻሉ፣ ሁለተኛው የግዕዝን ፊደል ሳይሰባብር ማድረሱ ነው። ፍጥነትና የኮድ ማጠር ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ማረፊያው ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረው ስክሪፕት ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የአይማፕ ማከያ የተሠራ ነበር። ይህ ማከያ የሚሠራው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጻፈውን ሲ-ክላየንት የተባለ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ተደግፎ ነው። የላይብረሪው ደራሲ ማርክ ክሪስፒን እ.ኤ.አ. በ1986 አይማፕን ራሱን የፈጠረ፣ በሙያው ትልቅ ክብር የሚገባው ሰው ነበር፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ካረፈ ወዲህ ግን ላይብረሪው ተገቢውን ጥገና ሳያገኝ ቆይቷል። የፒኤችፒ አዘጋጆችም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በወጣው 8.4 እትም ማከያውን ከዋናው ጥቅል አውጥተውታል። በዚህ ምክንያት አዲስ ሥራ በእርሱ እንዲጀመር አልመክርም። ሆኖም በማረፊያው ሳጥን ላይ ይታይ የነበረው ችግር የማከያው ጥፋት አልነበረም። የመቀበያዋ ኃላፊ፣ «ወንድሜ፣ ደብዳቤው ተነቧል ይላል፤ ከእኛ ግን ማንም አልከፈተውም» ትል ነበር። የቀድሞው ስክሪፕት መልእክቱን ሲያወርድ «ሳትነካ ተመልከት» የሚለውን ምርጫ ስላልተጠቀመ፣ ያነበበው ሁሉ በሠራተኞቹ ስልክ ላይ እንደ ተነበበ ሆኖ ይታይ ነበር።

አይማፕሊብ በዚህ በኩል ያረካል። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ሞጁል በመሆኑ ለብቻው የሚጫን ነገር የለውም፤ መጀመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፣ ዕድሜውም በአሠራሩ ላይ ይታያል። ሳጥኑ ሲከፈት «ለንባብ ብቻ» የሚለው ምርጫ እውነት ከተደረገ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ትእዛዝ «ምረጥ» ሳይሆን «መርምር» የሚለው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ ቢሳሳት እንኳ የመልእክቱን ምልክት መለወጥ አይችልም። በዚህ ላይ መልእክቱ ምልክቱን ሳይለውጥ በሚያወርደው በፒክ ትእዛዝ ከተጠየቀ ጥበቃው ድርብ ይሆናል። ሁለቱንም አብሮ መጠቀም ትርፍ ሥራ የሚመስለው ሊኖር ይችላል፤ የሰው ሳጥን አደራ ስለሆነ ግን ድርብ ጥበቃ አይበዛበትም።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ ነገሩ ጠለቅ ይላል። አንድ የግዕዝ ፊደል፣ ፊደላት ኮምፒዩተር ላይ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ስልት፣ 3 ባይት ይይዛል። የኢሜይል ርእስ ደግሞ በቆየው ደንብ መሠረት በአስኪ ምልክቶች (በእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በአኃዞችና በሥርዓተ ነጥብ) ብቻ ስለሚጓዝ፣ ፊደሎቹ በቤዝ64 ወይም በኮትድ-ፕሪንተብል ስልት ተጠቅልለው ይላካሉ። በመጀመሪያው ስልት እያንዳንዱ ፊደል 4 ምልክት፣ በሁለተኛው 9 ምልክት ይሆናል። አንድ ጥቅል ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም፤ ከዚህም 12ቱ ለኢንኮዲንጉ (እዚህ ዩቲኤፍ-8 ለሆነው የፊደል አቀማመጥ ስልት) ስምና ለክፈፉ ይውላሉ። በቀረው 63 ቦታ ውስጥ በቤዝ64 15 ፊደል፣ በኮትድ-ፕሪንተብል 7 ፊደል ብቻ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ «ለጥምቀት በዓል 2 ክፍልና የዘጌ ጀልባ ማስያዝ» የሚል ተራ ርእስ እንኳ በአንድ ጥቅል አይበቃም፤ በቤዝ64 ለሁለት፣ በኮትድ-ፕሪንተብል ቢያንስ ለአራት ይከፈላል።

ደንቡ እያንዳንዱ ጥቅል ሙሉ ፊደል ይዞ እንዲያልቅ ያዛል። ደንቡን የማይጠብቅ የመላኪያ ፕሮግራም ግን ባይት ቆጥሮ በ45ኛው ላይ ይቆርጣል። ከላይ ባለው ርእስ ፊደሎቹ ሦስት ሦስት፣ ክፍት ቦታዎቹና አኃዙ አንድ አንድ ባይት ሆነው ሲቆጠሩ 45ኛው ባይት የሚያርፈው «የዘጌ» በሚለው ቃል ውስጥ «ዘ» ላይ ነው፤ የፊደሉ አንድ ባይት በመጀመሪያው ጥቅል ይቀራል፣ ሁለቱ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ሁለቱን ጥቅሎች ለየብቻቸው የሚፈታ ስክሪፕት በ«ዘ» ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያለባቸውን ጥቋቁር አልማዞች መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ጀልባውም ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ከፓይተን ጋር በሚመጣው፣ የኢሜይል ጥቅል በተባለው የሞጁሎች ስብስብ ውስጥ ያለው ዲኮድ-ሄደር የተባለው ፈችው አጠገብ ለአጠገብ የሚገኙትን፣ ኢንኮዲንጋቸው አንድ የሆነውን ክፍሎች መጀመሪያ በባይትነታቸው አጋጥሞ ስለሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጽሑፍ ሲለወጡ «ዘ» ሙሉ ሆና ትወጣለች። ለአማርኛ ኢሜይል ይህን መሣሪያ የመረጥሁበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ የኢሜይል ጥቅሉ ሥራ እንጂ የአይማፕሊብ አለመሆኑ ነው፤ አይማፕሊብ ባይቱን እንደ መጣ ያስረክባል፣ የመተርጎሙ ነገር አያገባውም። ባይቱን በችኮላ ወደ ጽሑፍ ሳይለውጡ እንዳለ ለኢሜይል ጥቅሉ መስጠት ያስፈልጋል።

ይኸው «አያገባኝም» ባይነቱ በሌላ ቦታ ተጠቃሚውን ያደክማል። በአማርኛ ቃል ርእስ ውስጥ ልፈልግ ቢሉት ትእዛዙን በአስኪ ሊጽፈው ስለሚሞክር ስሕተት ጥሎ ይቆማል፤ መፍትሔው የሚፈለገውን ቃል በዩቲኤፍ-8 ባይት አድርጎ «ሊተራል» በተባለው ባሕርይ ውስጥ ማስቀመጥና ፍለጋውን ኢንኮዲንጉን ጠቅሶ መላክ ነው። ይህን ከሰነዱ አንብቦ ለማግኘት መሞከር ጊዜ ይፈጃል፣ ለጀማሪም ፍትሐዊ አይደለም። የአቃፊ ስምም እንዲሁ ነው። ሠራተኞቹ «የጀልባ ጥያቄ» ብለው የሰየሙት አቃፊ በአይማፕ የቆየ አጻጻፍ፣ የተሻሻለ ዩቲኤፍ-7 በሚባለው፣ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል፤ አይማፕሊብ የሚፈታበት መንገድ የለውም። «ከዚህ ቀን ወዲህ» የሚለው ፍለጋም ቀንን እንጂ ሰዓትን ስለማይመለከት፣ ሰዓት የሚያስፈልገው ሥራ መልእክቱን አውርዶ ራሱ ማጣራት አለበት።

ከሁሉ የከበደው ጉድለቱ የደኅንነት ነው። በ993 ፖርት በኩል የተመሠጠረ ግንኙነት ሲከፈት፣ ተጠቃሚው የራሱን የኤስኤስኤል (የምሥጠራ) ቅንብር ካልሰጠው፣ አይማፕሊብ በነባሪው የሰርቨሩን ሰርተፍኬት (የማንነት ማስረጃ) አያረጋግጥም። የይለፍ ቃል የሚላክበት ግንኙነት በመሆኑ ይህ ነባሪ አሠራር ሊኖር አይገባውም ነበር። ከኤስኤስኤል ሞጁሉ የሚገኘውን መደበኛ ቅንብር ፈጥሮ መስጠት አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ አሳስባለሁ። በዚያው መስመር ላይ የጥበቃ ጊዜ ወሰን ይጨመርበት፤ ምርጫው ከፓይተን 3.9 ጀምሮ አለ። ግንኙነት በሚቆራረጥበት ሰዓት ወሰን ያልተሰጠው ስክሪፕት መልስ እየጠበቀ ተገትሮ ይቀራል፣ የሚቀጥለውም ተራ በላዩ ላይ ይደረባል።

መግቢያውን በተመለከተ፣ የጂሜይል ሳጥን ያለው ሰው በተራው የይለፍ ቃሉ አይገባም፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርቶ 16 ፊደል ያለው የመተግበሪያ የይለፍ ቃል ማውጣት ይኖርበታል። የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ኦንላይን ሳጥን ደግሞ ኦኦት (በይለፍ ቃል ፋንታ ማስመሰያ፣ ማለትም ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ኮድ፣ የሚቀርብበት ስልት) ይጠይቃል፤ አይማፕሊብ ማስመሰያውን የሚያቀብል ትእዛዝ አለው፣ ማስመሰያውን ማምጣት ግን የስክሪፕቱ ድርሻ ነው።

መልእክቶችን በተራ ቁጥራቸው ሳይሆን በዩአይዲ (ለእያንዳንዱ መልእክት በተሰጠው የማይዛወር መለያ ቁጥር) መጥራት ግዴታ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ከስልኩ መልእክት በሰረዘ ቁጥር ተራው ይዛወራልና። ከዩአይዲው ጋር የአቃፊው የዩአይዲ ማጽኛ ቁጥር አብሮ ይመዝገብ፤ እርሱ ከተለወጠ የቀድሞዎቹ ዩአይዲዎች ዋጋ የላቸውም።

በአማርኛ ፍለጋና በአቃፊ ስሞች ብዙ የሚሠራ ሰው አይማፕክላየንት የተባለውን ላይብረሪ ቢወስድ ይሻለዋል፤ የአቃፊ ስሞችን ራሱ ይፈታል፣ የሰርቨሩንም መልስ አደራጅቶ ይሰጣል። አንድ ሳጥን፣ አንድ አቃፊ፣ ተጨማሪ ጥቅል የማይጫንበት ሰርቨር ላለው ግን አይማፕሊብን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 የወጣው ፓይተን 3.14 ደግሞ የአይድል ትእዛዝን ጨምሮለታል፤ ስክሪፕቱ በየጥቂት ደቂቃው ከመጠየቅ ይልቅ መስመሩን ክፍት አድርጎ ሰርቨሩ አዲስ መልእክት መድረሱን እንዲነግረው ማድረግ ይቻላል። ደንቡ ትእዛዙ ቢያንስ በየ29 ደቂቃው እንዲታደስ ይመክራል፤ መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ከዚያ በጣም ማሳጠር ይሻላል።