ስኪል ላብ ወይስ ዋርድ? የአራስ እንክብካቤ ልምምድ

ደሴ ነርሲንግ ስማር ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ስኪል ላብ በሰው አምሳል በተሠራ ሞዴል የምንለማመድበት ክፍል ነው፣ ዋርድ ደግሞ እውነተኛ ታካሚዎች የሚተኙበት።

ስኪል ላብ፦ ስህተት ሰው አይጎዳም። የሞዴሏን ማህፀን መጀመሪያ ስነካው ልፍስፍስ ነበር፤ እስኪጠነክር በክብ ማሸትን እጄ የለመደው እዚያ ነው። የሚፈሰው ደም 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ፣ ማለትም ከመጠን ሲያልፍ፣ ምን እንደማደርግም ደጋግሜ ሞክሬያለሁ።

ዋርድ፦ ሞዴሏ አታፍርም፣ አያማትም። እውነተኛዋ አራስ ግን ነጠላዋን ጨብጣ ታይሻለች፤ እናቷ ገንፎ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «አብሽሪ እህቴ» ብዬ ፈቃዷን ሳልጠይቅ ሆዷን አልነካም። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው የሚፈሳትን ደምና የደም ግፊቷን ማየት ትንፋሽ አይሰጥም።

እጅሽ ገና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስኪል ላብ ቆዪ። ማሸቱን ለምደሽ ቃል የሚያጥርሽ ከሆነ ግን ዋርድ ግቢ፣ ከአዋላጇ ጎን ሳትርቂ።