ትርፍ ሲገኝ ተካፋይ፣ ሲከስር ተመልካች፦ በቱሉ ዲምቱ የአንድ ገንዘብ አስተዳዳሪ ቢሮ ደንበኝነቴ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ ምድር ቤቱ የብረታ ብረትና የቀለም መሸጫ በሆነ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰውን ገንዘብ ተቀብሎ እያሠራ የሚያተርፍ ቢሮ አለ። ከጥር 2016 እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ድረስ ደንበኛቸው ነበርኩ። ስማቸውን የማልጠቅሰው ቅሬታዬ ከሰዎቹ ይልቅ ከውላቸው ጋር በመሆኑና፣ ቃል በቃል የሚመሳሰል ውል በሌላ ሰፈር በሌላ ማኅተም ሥር ስላየሁ ነው። ለ26 ዓመታት በሒሳብ ሥራ ኖሬ ሳለ ውሉን በጥሞና ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ መሆኑ ለራሴም ያሳፍረኛል።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ቢሮው ከነዋሪዎች ገንዘብ ይሰበስባል፤ አዝመራ ሲሰበሰብ ከአድአ ጤፍና ሽምብራ ይገዛል፤ ዱከም በተከራየው መጋዘን ያስቀምጣል፤ ዋጋ ሲወጣ ይሸጣል። ሥራ አስኪያጁ ትሑትና አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነው። ውሉን ሲያስረዳኝ «ጋሼ፣ እኛ የምንሠራው በአሜሪካ ሄጅ ፈንዶች ደንብ ነው፤ ሁለትና ሃያ ይባላል» አለኝ። ሁለቱ ከገባው ገንዘብ በዓመት 2 በመቶ የሚቆረጥ የአስተዳደር ክፍያ ሲሆን፣ ሃያው ከሚገኘው ትርፍ 20 በመቶ የሚነሣ የውጤት ክፍያ ነው።

ሄጅ ፈንድ ማለት ከባለሀብቶች ገንዘብ ሰብስቦ በገበያ የሚያሠራ የግል ፈንድ ነው፤ ደንቡም በእርግጥ ከዚያ የመጣ ነው። አልፍሬድ ዊንዝሎው ጆንስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 በኒውዮርክ የመሠረተው ፈንድ የዚህ አሠራር መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። መነሻ ገንዘቡ 100,000 ዶላር ሲሆን ከዚያ ውስጥ 40,000 ዶላሩ የራሱ የጆንስ ነበር። ዋጋቸው ይጨምራል ያላቸውን አክሲዮኖች እየገዛ፣ ይቀንሳል ያላቸውን ደግሞ ተበድሮ እየሸጠ፣ ገበያው በጠቅላላው ቢወርድ እንኳ ጉዳቱ እንዲቀልለት ያደርግ ነበር፤ ሄጅ ማለት አጥር ነው፣ ስያሜውም የወጣው ከዚሁ መከላከያ ነው። ለድካሙ ከትርፉ 20 በመቶ ይወስድ ነበር፤ በየዓመቱ የሚቆረጠው 2 በመቶ ከጊዜ በኋላ በሌሎች ዘንድ የተለመደ ነው። የዱከሙ መጋዘን ግን አጥር የለውም፤ ገዝቶ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ነው። ከጆንስ የተቀዳው ክፍያው እንጂ ዘዴው አይደለም። ሥራ አስኪያጁን «ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የእናንተ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቀው «የእኛ ድካማችን አለበት» ብሎ መለሰልኝ፤ ያን ዕለት መልሱ ደስ የሚል መስሎኝ ነበር።

የራሴን ሒሳብ እንዳለ ላስቀምጥ። ያስገባሁት 250,000 ብር ነው። 2 በመቶው፣ ማለትም 5,000 ብር፣ በዕለቱ ተቆርጦ 245,000 ብር ወደ ሥራ ገባ። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት መጨረሻ 30,000 ብር ትርፍ እንደደረሰኝ የሚገልጽ ወረቀት መጣ፤ ከዚያ ላይ 6,000 ብር ተነሥቶ ቀሪዬ 269,000 ብር ሆነ። በሁለተኛው ሩብ ዓመት 39,000 ብር ኪሳራ ተመዘገበና ቀሪዬ ወደ 230,000 ብር ወረደ። በሦስተኛው ሩብ ዓመት 20,000 ብር ትርፍ ተገኘ፤ ቢሮው 4,000 ብር አነሣና 246,000 ብር ቀረኝ። አራተኛው ትርፍም ኪሳራም ሳይኖረው አለፈ። እንግዲህ ገንዘቤ በዓመቱ ውስጥ በድምሩ 11,000 ብር አትርፎ ሳለ ቢሮው 15,000 ብር ወስዷል፤ እኔም ካስገባሁት 4,000 ብር ጎድሎብኝ ወጥቻለሁ። ያው ገንዘብ በመደበኛ የባንክ ቁጠባ በ7 በመቶ ተቀምጦ ቢሆን በዓመቱ 17,500 ብር ወለድ ያስገኝልኝ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ጠጋ ብሎ ያያቸው ሰው፣ ጥፋቱ በ20 በመቶው መብዛት ላይ ሳይሆን በአቆጣጠሩ ላይ መሆኑን ያገኘዋል። በሦስተኛው ሩብ ዓመት ተገኘ የተባለው 20,000 ብር አዲስ ትርፍ አልነበረም፤ ቀደም ሲል ከጠፋው ገሚሱ የተመለሰበት ነው። በሄጅ ፈንዶች ዘንድ ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ሃይ ዋተር ማርክ የሚባል አንቀጽ አለ፤ ጎርፍ አልፎ ሲሄድ በግድግዳው ላይ ትቶት እንደሚሄደው መስመር ማለት ነው። አስተዳዳሪው ገንዘቡን ከዚህ ቀደም ከደረሰበት ከፍተኛ መስመር በላይ እስካላደረሰው ድረስ የትርፍ ድርሻ አይወስድም። አንቀጹ በእኔ ውል ውስጥ ቢኖር ኖሮ 4,000 ብሩ ሳይነሣ 250,000 ብሬን ይዤ እወጣ ነበር። ትርፉ በየሩብ ዓመቱ መታሰቡ ቀርቶ በዓመት አንድ ጊዜ ቢታሰብ ደግሞ፣ ከ11,000 ብሩ የአስተዳደር ክፍያው ተቀንሶ በቀረው 6,000 ብር ላይ 1,200 ብር ብቻ ተነሥቶ 254,800 ብር ይደርሰኝ ነበር። ያው ጤፍ፣ ያው ሽምብራ፣ ያው ዓመት፤ የተለየው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አሜሪካኖቹንም ከልክ በላይ ማመስገን አይገባም። ይህን አንቀጽ ሕግ አያስገድድም፤ በውል የሚገባ ነው፤ ከፍተኛ ኪሳራ የደረሰባቸው አንዳንድ አስተዳዳሪዎችም መስመሩን ለመድረስ ለዓመታት ያለ ድርሻ ከመሥራት ይልቅ ፈንዱን ዘግተው በሌላ ስም ሌላ ከፍተዋል። ዝነኛው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ቡፌትም የሄጅ ፈንዶች ክፍያ ትርፉን ይበላዋል ብሎ ከእ.ኤ.አ. 2008 እስከ 2017 በዘለቀ የ10 ዓመት ውርርድ፣ የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ የሚያሳየውን የኤስ ኤንድ ፒ 500 ጠቋሚ የሚከተል ርካሽ ፈንድን በሄጅ ፈንዶች ስብስብ ላይ አሰልፎ ረትቷል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 30,000 ብር ትርፍ ሲጻፍልኝ ከመጋዘኑ አንድ ኩንታል እንኳ አልተሸጠም ነበር። ሠራተኞቹ የአዲስ አበባን የችርቻሮ ዋጋ ጠይቀው፣ መጋዘን ያለውን ሽምብራ በዚያ ዋጋ አባዝተው፣ ልዩነቱን ትርፍ ብለው መዘገቡና ድርሻቸውን በጥሬ ገንዘብ አነሡ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ። በሐምሌ ወር ኪሳራው ሲነገረን ከሁለት ደንበኞች ጋር ሆኜ ዱከም ወረድኩ። የመጋዘኑ ጠባቂ አንዱን ማዳበሪያ ፈትቶ እጁን አገባና አንድ እፍኝ ሽምብራ አወጣልን፤ ፍሬው ሁሉ በነቀዝ ተበስቷል፤ እፍኙን ሲያጋድለው ዱቄቱ በጣቶቹ መካከል እየወረደ የጫማውን ጫፍ አነጣው። 39,000 ብር ኪሳራ የተባለው ይህ ነበር። ያልተሸጠ፣ ከጊዜ በኋላም ነቀዝ የበላው ሽምብራ አስገኘው በተባለ ትርፍ ላይ የተወሰደው 6,000 ብር ይመለስ እንደሆነ ስንጠይቅ፣ «የተዘጋ ሩብ ዓመት አይከፈትም» የሚል መልስ ተሰጠን።

ይህ ጉድለት ለእኛ ሰፈር ብቻ የተሰጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የተያዘው አሜሪካዊው አጭበርባሪ የገንዘብ አስተዳዳሪ በርናርድ ማዶፍ፣ ንብረቱን የሚገዛውም፣ የሚያስቀምጠውም፣ ለደንበኞች ሒሳብ የሚያሳውቀውም የራሱ ድርጅት ስለነበረ ነው ያልነበረን ንብረት ለዓመታት በወረቀት ሲያሳይ የኖረው። የሚገርመው፣ ማዶፍ ሁለትና ሃያ አይጠይቅም ነበር፤ ኮሚሽን ብቻ ይበቃኛል ይል ነበር፤ ስለዚህ ክፍያው ያነሰ ሁሉ ይሻላል ብሎ መደምደምም አያዋጣም። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥና ዋጋውን ማን እንደሚተምነው ነው። ደህና የሚባለው ሄጅ ፈንድ ንብረቱን በሌላ ድርጅት ያስቀምጣል፣ ሒሳቡን ለገለልተኛ አካል ይሰጣል፣ በየዓመቱም ኦዲተር ያስመረምራል። በቱሉ ዲምቱው ቢሮ ሦስቱንም የሚሠሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው።

ስለ ደንበኛ አመራረጥ ብዙ የሚባል የለም፤ ምርጫ የለምና። የሞላሁት ቅጽ ስሜን፣ ስልኬን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሬንና «ማን አስተዋወቀዎት?» የሚለውን ብቻ ይጠይቃል። ገቢዬን የጠየቀኝ፣ ይህ ገንዘብ ቢጠፋ ምን እንደምሆን ለማወቅ የፈለገ ሰው አልነበረም። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ፈንድ በተለምዶ የሚቀበለው በተከታታይ ሁለት ዓመታት ከ200,000 ዶላር በላይ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር ከሆነ ከ300,000 ዶላር በላይ ዓመታዊ ገቢ ያለውን፣ ወይም የሚኖርበት ቤት ሳይቆጠር ከ1 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የተጣራ ሀብት ያለውን ሰው ነው። ሀብታም ሁሉ ብልህ ስለሆነ አይደለም፤ ኪሳራን የሚችል ትከሻ አለው ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ከእኔ ጎን ተሰልፈው የፈረሙት ጎረቤቴ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ እናት ሲሆኑ፣ ያስገቡት 60,000 ብር አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመግዛትና የልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ ለመሸፈን ያጠራቀሙት ነበር። «በሰው በኩል ካልሆነ አንቀበልም» የሚለው የቢሮው አነጋገር እሳቸውን እንደ ክብር አሳምኗቸዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው መጥራት የሚገባው ገንዘብ የሚቀበለው ነበር፤ በእቁብ እንኳ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብር አይወስድም።

ስጋትን ስለማሳወቅ፦ ውሉ ስድስት ገጽ ነው፤ ስለ ስጋት የሚናገረው በአምስተኛው ገጽ ግርጌ ያለው «ንግድ ትርፍም ኪሳራም እንዳለው ደንበኛው ያውቃል» የሚል አንድ መስመር ነው። ስለ ነቀዝ፣ ስለ መጋዘን ቃጠሎ፣ ስለ ዋጋ መውረድ፣ ስለ ኢንሹራንስ አለመኖር አንድም ቃል የለም። በአሜሪካ ተመዝግቦ የሚሠራ አስተዳዳሪ ክፍያውን፣ የጥቅም ግጭቱንና የቅጣት ታሪኩን ቅጽ ኤ.ዲ.ቪ. በተባለ ሰነድ ለመንግሥት ያስገባል፤ ሰነዱንም ማንም ሰው ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ፈንዱ ገንዘብ ለሚያስገባው ሰው የሚሰጠው የግል ሰነድ ደግሞ ሙሉ ገንዘብዎን ሊያጡ ይችላሉ እያለ ገጽ በገጽ የሚያስፈራራ ነው። እንዲህ ያለው ማስፈራሪያ ለአስተዳዳሪው የክስ መከላከያ እንደሆነም አይካድ። ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የአሜሪካ ሄጅ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲንኮታኮት 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ነው የደገፉት፤ ስጋትን ማወቅና ከስጋት መዳን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በአገራችን ለንጽጽር የሚሆን ሰነድ የለም ለማለት አይቻልም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን በሚል ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር የሽያጭ መግለጫ ሰነድ አውጥቶ ነበር፤ ያን ሰነድ ከስድስት ገጹ ውል ጎን አስቀምጦ ማየት ብዙ ያስተምራል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የሕዝብን ገንዘብ አሰባስቦ በጋራ ኢንቨስት የሚያደርግ አካል ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቢሮው ግድግዳው ላይ የሰቀለው የእህል ንግድና የማማከር አገልግሎት ፈቃድ ነው። ይህን ሳነሣ ሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ የእኛ እኮ ሽርክና ነው» አለኝ። ሽርክና ከሆነ ሸሪኩ ከትርፉ ብቻ ሳይሆን ከኪሳራውም ይካፈል ነበር።

ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጣቸዋለሁ። አንዱ የሩብ ዓመት መግለጫቸው ቀኑን ጠብቆ ስለሚደርስ፣ ጥሪ ስለሚቀበሉና መጋዘናቸውን ስላልዘጉብን ነው። ሁለተኛው ገንዘቤን ስለመለሱልኝ ነው፤ ውሉ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፣ በጥቅምት መጀመሪያ በጽሑፍ አመልክቼ በጥር 246,000 ብሩን በሁለት ጊዜ ወደ ሒሳቤ አስገብተዋል። ሊፍቱ ዓመቱን ሙሉ አልሠራም፤ እሱን ግን የሕንፃው ባለቤት ይጠየቅበት።

ከወጣሁ በኋላ የጻፍኩላቸውን ደብዳቤ አንብበውት ይሆን፣ ወይም ሌሎችም ቅሬታ አቅርበው፣ በቅርቡ ለነባር ደንበኞች የተሻሻለ ውል አድለዋል። ጎረቤቴ ይዘውልኝ መጥተው በረንዳዬ ላይ አብረን አነበብነው። የውጤት ክፍያው አሁን በዓመት አንድ ጊዜ ይታሰባል፤ ያለፈ ኪሳራ ሳይካካስ ድርሻ እንደማይነሣም ተጽፏል። አራተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ «በመጋዘን የሚገኝ ዕቃ ዋጋ በድርጅቱ ግምት ይወሰናል» የሚለው አንቀጽ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ተቀምጧል። ጎረቤቴ «ይህቺ ያቺው የሽምብራዋ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። ነች አልኳቸው። በመስመሩ ሥር በእስክሪብቶ አሰመሩበትና ሰኞ ጠዋት ይዘውት ሊወጡ ወረቀቱን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።