የሰፈራችን ቱቶሪያል፣ ለሂሳብ አሪፍ ነው ግን...
ልጄን ካስገባኋት ሁለት ወር ሆናት፣ አስተማሪው እውነት ለመናገር ጎበዝ ነው። ሰብስቲቲውሽንን (ሁለት እኩልታ ሲኖር አንዱን በሌላው ተክቶ መፍታት) በሻይ ነው ያስረዳት፣ 2 ሻይና 1 ቦምቦሊኖ 50 ብር፣ 1 ሻይና 1 ቦምቦሊኖ ደሞ 35 ብር ከሆነ ቦምቦሊኖው ማለት 35 ሲቀነስ ሻይ ነው፣ ያንን በመጀመሪያው ላይ በቦምቦሊኖው ቦታ ስትተኪው ሻይ 15 ቦምቦሊኖ 20 ይወጣል (በዚህ ዋጋ የት እንደሚሸጥም ቢነግረን😂)። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ያልገባኝ አሁን ገባኝ።

ችግሩ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል የቤት ስራም አይታረምም። ልጅቷ ቅንፍ ፊት ማይነስ ካለ ቅንፉ ውስጥ ያለውን የሁለተኛውን ምልክት መቀየር ትረሳለች፣ መልሱን በሁለቱም እኩልታ አስገብተሽ ቼክ አድርጊ የሚላት የለም፣ ማታ ማታ እኔው ነኝ የምለፋው። ከ5 3 ሰጥቻለሁ።