አክታዬን ሁለቴ ያየልኝ ላብራቶሪ

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ ትንሽ የግል ላብራቶሪ ነው። ባለቤቱ ማስታወቂያ አልወድም ስላሉኝ ስሙን ትቼዋለሁ። በሩ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፤ በእሷ ትለዩታላችሁ።

ከቻይና ተምሬ ከተመለስኩ በኋላ ሳል ያዘኝ። ጠዋት ጠዋት የሚወጣው አክታ የዛገ ብረት ይመስላል። ሌላ ቦታ ራጅ ተነሳሁና «ቲቢ ይመስላል» አሉኝ። አክታዬ ሦስቴ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም፤ ቢሆንም መድኃኒቱን ጀምሪ ተባልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ዋጥኩ። ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፤ ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም። እናቴ ኩባያዬን ለይታ ለብቻው አስቀመጠች።

እዚህ የሚሠሩት ጋሼ ናሙና ከመቀበላቸው በፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ውጭ አገር ነበርሽ? ምን ምን በላሽ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። «ጥሬ ዓሣ ከሆነ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ ያልቀመሰ ማን አለ?» አልኳቸው።

«እሱም የራሱ ጣጣ አለው። እኔ የምጠይቅሽ የወንዝ ሸርጣን ነው፤ ጥሬውን የበላ ሰው ፓራጎኒመስ የሚባል የሳንባ ትል ሊይዘው ይችላል።»

ክው አልኩ። ሃንግዡ እያለሁ የክፍል ጓደኛዬ ቤት በአልኮል የተዘፈዘፈ ጥሬ ሸርጣን አቅርበውልኝ ነበር። አልኮሉ ሁሉን ይገድላል ብዬ ሁለት በላሁ። ጋሼ ሳቁብኝ፤ «የሰከረው ሸርጣኑ ነው እንጂ ትሉማ አልሰከረም» አሉ።

ከዚያ በወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። የትሉ እንቁላል በአክታ ወይም በሰገራ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ፣ ቀጥሎ ሸርጣን ውስጥ ያድጋል። ሸርጣኑን ሳያበስል የበላ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ አንጀት በስቶ፣ ደረትና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ አልፎ ሳንባ ላይ ይሰፍራል። ከሰው ወደ ሰው በሳል አይተላለፍም። እዚህ ላይ ለእናቴ ወዲያው ደወልኩ።

በፊት ለምን እንዳልታየ ስጠይቃቸው፣ ለቲቢ ምርመራ አክታው የሚቀባበት ኬሚካል እንቁላሉን ያበላሸዋል አሉኝ። እሳቸው ሳይቀቡ ነው የሚያዩት። የመጀመሪያው ቀን ምንም አልተገኘም። በደሜ ውስጥ ግን ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ከፍ ብሎ ነበር፤ ጥገኛ ትል ሲኖር እንዲህ ይሆናል። «ነገ ከእንቅልፍሽ እንደተነሳሽ የሚወጣውን አምጪ፤ ሰገራም ጨምሪ፤ አክታ ስለሚዋጥ እንቁላሉ እዚያም አይጠፋም» አሉኝ።

በማግስቱ ጠርተው በማይክሮስኮፑ አሳዩኝ። ወርቃማ ቡናማ፣ ሞላላ፣ አንድ ጫፏ ላይ ክዳን ያላት፤ ክዳኗን የደፋች ትንሽ እንስራ በሏት። አስጠላችኝም አስደሰተችኝም።

ውጤቱን ይዤ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የቲቢውን መድኃኒት አስቆመኝና ለቢልሃርዝያ የምናውቀውን ፕራዚኳንቴል በክብደቴ ልክ፣ በቀን ሦስቴ ለሁለት ቀን አዘዘልኝ። ምላስ ላይ ከቆየ እሬት ነው፤ ቶሎ ዋጡት። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ቴሌብር ስለማይቀበሉና ጥሬ ብር ፍለጋ በባጃጅ ስላዞሩኝ ነው። ውጤቱም በእጅ ነው የሚጻፈው፤ ሐኪሙ የጋሼን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶት ደወለላቸው። አግዳሚው ሦስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ አራተኛው ቡና ይገዛና በረንዳ ላይ ይጠብቃል። ምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፤ የጠዋት አክታ የያዘ ሰው ከአራት ሰዓት በፊት ቢደርስ ይሻላል።