ሊኑክስ ሚንት ከወራት በኋላ፦ ታይምሺፍት ባይኖር ኖሮ ትቼው ነበር

ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ነፃ ሲስተም ከጫንኩ ወራት አለፉ። ስለ ፍጥነቱም ስለ መልኩም ብዙ ማለት ይቻላል፤ ይህን የምጽፈው ግን በአንድ ምሽት ምክንያት ነው።

የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር (ድራይቨር) አዲስ ስሪት መጥቶ አፕዴት አደረግኩ። ላፕቶፑ ሪስታርት አደረገና ስክሪኑ ጠቆረ። የሚንት ምልክት ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ያው ነው። በማግስቱ የማስረክበው ሥራ ደግሞ እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። ኮምፒውተር እንዲህ ሲሆን የለመድነው መልስ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» ፋይሉ ከተረፈ ተረፈ፣ ካልተረፈ እርምን ማውጣት ነው።

ፎርማት ግን አላስፈለገም። ሚንትን የጫንኩበትን ፍላሽ ሰካሁና ከእሱ አስነሳሁ። ሚንት የላፕቶፑን ዲስክ ሳይነካ ከፍላሽ ላይ መሥራት ይችላል፤ ሜኑው ውስጥም ታይምሺፍት፣ ማለትም የሲስተሙን ቅጂ (ስናፕሾት) አስቀምጦ ሲበላሽ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ አብሮ አለ። ከፈትኩት፣ ስናፕሾቶቹ የተቀመጡበትን ዲስክ አሳየሁት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ከአፕዴቱ በፊት የተነሳውን መርጬ ሪስቶር የሚለውን ነካሁ። የፋይል ስሞች በስክሪኑ ላይ እየተከታተሉ ወረዱ። ሲያበቃ ፍላሹን ነቅዬ ላፕቶፑን አስነሳሁት። ዴስክቶፑ እንደነበረ ተመለሰ፤ ሥራዬም አንድ መስመር አልጎደለበትም።

ሥራዬ ያልተነካበት ምክንያት አለው። ታይምሺፍት በነባሪው አሠራሩ የሚይዘው የሲስተሙን ፋይሎች ብቻ ነው፤ ሰነዶችና ፎቶዎች ያሉበትን የተጠቃሚውን ፎልደር አይነካም። ስለዚህ ሲስተሙን ወደ ትናንት ስትመልሱት የዛሬ ጽሑፋችሁ ዛሬ ላይ ይቆያል። ይኸው ጥቅሙ አደጋም አለው፦ ዲስኩ ከተበላሸ ታይምሺፍት ሰነዶቻችሁን አያድንም። ለእነሱ ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ ያዙ። በዚህ ላይ አትዘናጉ!

«ነፃ ሶፍትዌር ባለቤት የለውም፤ ሲበላሽ ማንን ትጠራለህ?» የሚሉ ሻጮች አሉ። ያን ምሽት ማንንም መጥራት አላስፈለገኝም። ገንዘብ የተከፈለበት ሲስተም ስክሪን ሲጠቁርበት፣ «ጥገናው ይህን ያህል ቀን ይፈጃል» ከማለት ውጪ ምን ይሉኝ ነበር? «ማሽንህ አርጅቷል፣ ቀይረው» የሚሉትም አያሳምኑኝም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ሲያበቃ ብዙ ደህና ላፕቶፖች አሮጌ ተባሉ። ሚንት 22 ግን በ4 ጊጋባይት ራም በምቾት ይሠራል፤ የደህንነት አፕዴቱም እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይቀጥላል። የሚሠራ ዕቃ የሚጣልበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ታይምሺፍት ከሚንት ጋር ተጭኖ ይመጣል እንጂ ራሱ ሥራ አይጀምርም፤ እናንተ ማስጀመር አለባችሁ። ሚንት ሲጫን ገና ከመጀመሪያው ሊጠይቅ ይገባ ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አዲስ ተጠቃሚ፣ ስለ መኖሩ የማያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ሚንትን እንደጫናችሁ፣ ገጽታ ከመቀየርና ፕሮግራም ከመደርደር በፊት፣ መጀመሪያ የሚመጣውን የእንኳን ደህና መጣችሁ መስኮት ክፈቱና ስለ ስናፕሾት ወደሚለው ግቡ። ከሁለቱ አማራጮች አርሲንክ የሚለውን ምረጡ። የመጀመሪያው ስናፕሾት በርከት ያለ ጊጋባይት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሱት ግን የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ስለሚጨምሩ ቦታ አይጨርሱም። የዕለትና የሳምንት አድርጉት፣ ጥቂት ጥቂት ይበቃል። በውጭ ዲስክ ላይ ለማስቀመጥ ካሰባችሁ ዲስኩ እንደ ኢኤክስቲ4 ባለ የሊኑክስ ፎርማት መሆን አለበት፤ ከዊንዶውስ የመጣ ዲስክ እንዳለ አይቀበልም። ፎርማት ሲደረግ በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ዲስክ አዘጋጁ።

ስለ ቀሪው የምለው ጥቂት ነው። ዋይፋዩ፣ ብሉቱዙ፣ ፕሪንተሩ ሠርተዋል። የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙ ሊብሬ ኦፊስ ሠንጠረዥ የበዛበትን የዎርድ ሰነድ አንዳንዴ ያዛባል፤ ለሰው የምልከውን ፒዲኤፍ አድርጌ እልካለሁ። ፕሮግራም ስትፈልጉ ከየድረ ገጹ አታውርዱ፤ የሚንት ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ ፈልጉት። ተርሚናሉን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ሳትነኩ ብዙ መሄድ ትችላላችሁ።

ፍላሹን ግን ለሌላ ነገር አታጥፉት። ምን እንደሆነ በላዩ ጽፋችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ላፕቶፑ ደህና ሳለም አንድ ጊዜ ከእሱ አስነሱና ታይምሺፍት ስናፕሾቶቻችሁን ማግኘቱን እዩ። ድራይቨር ወይም ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ስናፕሾት በእጃችሁ አንሱና ከጎኑ ባለው ማስታወሻ ላይ «ከድራይቨሩ በፊት» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀንና ሰዓት ብቻ ከተደረደረበት ዝርዝር ውስጥ ትክክለኛውን በጭንቀት መሃል መለየት ከባድ ነው።